የስኩተር ዘይቶች ንጽጽር፦ በካምቢዮው ቆጥቡ፣ በፍሬኑ አትቆጥቡ

ዘይት መሸጫ ገብታችሁ «የስኩተር ካምቢዮ ዘይት» ስትሉ የሚከተለው ጥያቄ «ስንት ሊትር ልስጥ?» ነው። እውነተኛው መልስ ሻጩን አያስደስተውም። የተለመዱት 125 እና 150 ሲሲ አውቶማቲክ ስኩተሮች ከኋላ ጎማው አጠገብ ባለችው ትንሽ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) የሚይዙት ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ሁለት ሲኒ ቡና ቢሞላ ነው። አንድ ሊትር የገዛ ሰው ስምንት ጊዜ ይቀይርበታል። ስለዚህ በካምቢዮ ዘይት ላይ ዋጋ ማማረጥ ብዙ አያዋጣም። ማማረጥ የሚገባው ዓይነቱን ነው፤ ከዚያም በጊዜው መቀየር።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከስድስት ኪሎ ሜክሲኮ የምመላለስባትን ስኩተር አንድ ጋራዥ ወስጄ የሞተር ዘይት እንዲቀየርልኝ ጠየቅሁ። ልጁ ከሥር ተኝቶ አንድ ቡሎን ፈታ፤ ጥቂት ጥቁር ዘይት ጠብ ጠብ ብላ አለቀች። «ወንድሜ፣ ሞተርህ ዘይቱን በልቶ ጨርሷል!» አለኝና 800 ሚሊ ሊትር አዲስ ዘይት በሞተሩ ላይ ጨመረ። የፈታው የካምቢዮውን ቡሎን ነበር። ሞተሩ የድሮውን ከነአዲሱ ተሸክሞ፣ ካምቢዮው ባዶውን ቀርቶ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ስወጣ ከኋላዬ ነጭ ጭስ፣ ከሥሬ ደግሞ የሚያላዝን ድምፅ ተነሣ። ከዚያ ቀን ወዲህ መካኒኩ ቁልፉን ሳያነሣ የትኛው ቡሎን የየትኛው እንደሆነ በጣቴ እየነካሁ አሳያለሁ። ይታዘበኝ።

80ደብሊው-90፣ 85ደብሊው-140 ወይስ የሞተር ዘይት?

የውፍረት ቁጥሩ አያታልላችሁ። የማርሽ ዘይትና የሞተር ዘይት ውፍረት የሚመደበው በተለያየ ሚዛን ነው። 90 የተባለው የማርሽ ዘይት ሲሞቅ ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ብዙም አይርቅም። ሆንዳ በበርካታ ስኩተሮቹ ካምቢዮ ውስጥ 10ደብሊው-30 የሞተር ዘይት እንዲሞላ ማዘዙም ከዚህ አንጻር አያስገርምም። የእናንተ መመሪያ መጽሐፍ እንዲህ ካለ እሱን ስሙ፤ ከሞተሩ የተረፈችው ዘይት ለካምቢዮው ትበቃለችና ሌላ መግዛት አያስፈልግም።

መመሪያው የማርሽ ዘይት ካለ፣ ወይም መጽሐፉ ከጠፋና ስኩተሩ ከቻይና የመጣው የተለመደ ዓይነት ከሆነ፣ ምርጫዬ 80ደብሊው-90 ነው። 85ደብሊው-140 ለከባድ መኪና ዲፍረንሻል ያምራል። በህዳርና በታህሳስ ማለዳ ግን አዲስ አበባ ላይ እንደ ማር ይወፍራል፤ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኑ ሞተራችን ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር አንድ አራተኛ የሚሆን አየር እንደተነፈገ ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ ወፍራም ዘይት እንዲያማስል ማድረግ ግፍ ነው። 140 የሚጠቅመው አንድ ሰው ቢኖር ያረጀ ስኩተር የሚሸጥ ነው፦ ወፍራም ዘይት ያለቀ ኩሽኔታ የሚያሰማውን ድምፅ ያፍናል። ያገለገለ ስኩተር ስትገዙ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ጎማውን በእጃችሁ አዙሩት፤ ከብዶ ቀስ ብሎ የሚዞር ከሆነ የካምቢዮው ዘይት ምን እንደሆነ ጠይቁ።

ጂ ኤል 4 እና ጂ ኤል 5 የሚለው የማርሽ ዘይት ደረጃ ክርክር በአውቶማቲክ ስኩተር ላይ ያን ያህል አያጣላም። ጂ ኤል 5 ለከባድ ጫና የሚሆን ተጨማሪ ኬሚካል በብዛት አለው። ናስና ነሐስ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። የስኩተር ካምቢዮ ግን ጥቂት የብረት ጥርሶች ናቸው፤ ሁለቱም ይሆናሉ። ሲንተቲክ ይሻላል የሚላችሁ ሰው አልዋሸም፤ ነገር ግን በጊዜው የተቀየረ ተራ ዘይት ሦስት ዓመት ከተረሳ ሲንተቲክ ይበልጣል።

አንድ ከባድ ልዩነት ያለው በእጅ ማርሽ የሚቀየርባቸው የድሮ ቬስፓዎች ላይ ነው። በእነሱ ውስጥ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለየው) ከማርሾቹ ጋር በአንድ ዘይት ይዋኛል። የሚፈልጉት ውፍረቱ ኤስ ኤ ኢ 30 የሆነ ቀላል ዘይት ነው፤ ፒ ኤክስ ሞዴሏ 250 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። ለአውቶማቲኩ የገዛችሁትን 80ደብሊው-90 ጂ ኤል 5 እዚያ ብትጨምሩ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል ወይም አልለቅ ይላል። «ሁለቱም ስኩተር ነው» የሚለውን ሻጭ አትስሙ።

አቀያየሩ ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ዘይቱ ሲሞቅ በመሐል መቆሚያው አቁሙ። መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው የመሙያ ቡሎን ነው፤ እሱ ከዛገና እምቢ ካለ የታችኛውን ፈትታችሁ ዘይቱን ካፈሰሳችሁ በኋላ መመለሻ አይኖራችሁም። የወጣውን በነጭ ዕቃ ተቀበሉ። ጥቁር ከሆነ አርጅቷል፤ ብርማ ነጸብራቅ ካለው ብረቱ እየተፋቀ ነው፤ ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ በክረምት ጎርፍ ያቋረጠ ስኩተር ላይ ይህን አይቻለሁ። አዲሱን በሲሪንጅ ለኩና ሙሉ። ካርተሩ አሉሚኒየም ስለሆነ ቡሎኑን በጉልበት አታጥብቁ፤ ጥርሱ ከተበላ የዘይቱን ብዙ እጥፍ ያስወጣል። የታችኛው ቡሎን ቀለበትም በአዲስ ይተካ።

«ትንሽ ልጨምርለት» ማለትም አይበጅም። ከልኩ ያለፈ ዘይት ሲሞቅ ፓራኦሊዮውን (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ጎሚኒ) አልፎ ይወጣል፤ በብዙ ስኩተሮች ላይ ከፓራኦሊዮው ቀጥሎ ያለው የኋላ ፍሬን ሸራ ነው። ዘይት የነካው ሸራ አይይዝም።

የመቀየሪያው ጊዜ ከአምራች አምራች ይለያያል። እኔ አዲሱን ካምቢዮ 500 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከዚያ በየ4,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በዓመት አንዴ፣ ብዙ ጊዜ ክረምት ሲያልፍ እቀይራለሁ።

የሞተር ዘይት፦ ኤም ኤ ወይስ ኤም ቢ?

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። የሞተር ሳይክል ዘይት ጀርባ ላይ ጃሶ (የጃፓን የዘይት ደረጃ) የሚል ምልክት ፈልጉ። ኤም ኤ ፍሪሲዮናቸው በዘይት ውስጥ ለሆነ ሞተር ሳይክሎች ነው። ኤም ቢ ሰበቃን የሚቀንስ በመሆኑ ፍሪሲዮናቸው ደረቅ ለሆነ አውቶማቲክ ስኩተሮች ይስማማል። ስኩተር ላይ ኤም ኤ ቢገባ አይጎዳም፤ ሞተር ሳይክል ላይ ኤም ቢ ቢገባ ግን ፍሪሲዮን ሊያንሸራትት ይችላል። በአንድ ቤት ሁለቱም ካሉ ኤም ኤ ገዝቶ መገላገል ነው። ለውፍረት 10ደብሊው-40 ለእኛ አየር ይበቃል፤ ዘይት መብላት ለጀመረ ያረጀ ሞተር 20ደብሊው-50።

ገንዘቡ የሚገባው እዚህ ነው፦ ዶት 3 ወይስ ዶት 4?

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት በሳበ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። «ዶት» የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው፤ ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ይችላል፤ 3.7 በመቶ ውኃ ሲጠጣ መመዘኛው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው እንጦጦ ተነሥታችሁ ሰው ጭናችሁ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርዱ ግን ይገባችኋል። አውቶማቲክ ስኩተር ፍጥነቱ ሲቀንስ ፍሪሲዮኑ ራሱን ስለሚለቅ ሞተሩ አይዛችሁም፤ ክብደቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ዘይቱ ከፈላ አረፋው ይጨመቃል፣ እጀታው እስከ መሪው ድረስ ይገባል፣ ስኩተሩ ግን ይሄዳል።

ስለዚህ ዶት 4 ግዙ፤ የዋጋው ልዩነት ቢያሳስባችሁ በካምቢዮው ሲንተቲክ ከመግዛት የተረፈውን አምጡ። ዶት 4 በዶት 3 ምትክ ይገባል፤ ዶት 5.1 እንዲሁ። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፤ የቁጥሩ መቀራረብ ስንቱን አሳስቷል። የሞተር ዘይት ጠብታ ከገባበትም ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፣ ሥራው ከባዶ ይጀምራል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። የምትገዙት ትንሹን፣ ማሸጊያው ያልተነካውን ቆርቆሮ ይሁን፤ ክዳኑ ተከፍቶ ጋራዥ መደርደሪያ ላይ የከረመ ዘይት ርካሽ የሆነው ውኃ ስለጠጣ ነው። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውኃ እጠቡት፤ ይልጣል።

በራዲያተር የሚቀዘቅዝ ስኩተር ላላቸው፦ ከተማችን ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የቧንቧ ውኃ ብቻ አትሙሉ። በተጣራ ውኃ እኩል የተበጠበጠ ኩላንት መፍያውን ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትም ይከለክላል። ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ነገሩ መርዝ ነው፤ ከልጆችና ከውሻ አርቁት።

ባለፈው ካዛንቺስ ያገኘሁት ጓደኛዬ ኤሌክትሪክ ስኩተር ገዝቶ «ከዘይት ተገላገልኩ» አለኝ። ሞተሩ በቀጥታ ጎማው ውስጥ ስለሆነ ካምቢዮ የለውም፤ እውነቱን ነው። ጎንበስ ብዬ እጀታው ላይ ያለችውን የፍሬን ዘይት መስኮት አየሁ። ውስጡ ያለው ነገር ቀለሙ የቡና አተላ ይመስላል።