ከሐዋሳ ለሚነሳ ሰው የትኛው ትንሽ አውሮፕላን ይሻላል? ሴስና 172፣ ዳይመንድ ዲኤ40 ወይስ ባለ ሮታክስ ሞተሯ?

በቡና ንግድ የሚተዳደሩ አንድ የማከብራቸው ጋሼ ከሦስት ወዳጆቻቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው ትንሽ አውሮፕላን ሊገዙ አስበዋል። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን የሦስት አውሮፕላኖች የሽያጭ ወረቀት አሳዩኝ። «ልጄ፣ ጉልበቱ የሚበልጠው ይሄ አይደል?» ብለው ጣታቸውን ሴስናው ላይ አሳረፉ። እውነት ነው፤ ሴስና 172 ኤስ 180 የፈረስ ጉልበት አለው። ዳይመንድ ዲኤ40 ኤንጂ 168፣ ሮታክስ 912 ሞተር የተገጠመላት ባለ ሁለት መቀመጫዋ ቴክናም ፒ92 ደግሞ 100። ችግሩ ቁጥሮቹ የተለኩት በባሕር ጠለል ላይ መሆኑ ነው፤ ጋሼ የሚነሱት ግን ከሐዋሳ ነው።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኔ መብረር የተማርኩት ናይሮቢ፣ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ዊልሰን 1,690 ሜትር ላይ ስላለ ከፍታው ከሐዋሳ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያ ቀን ሴስናውን ለመነሳት ስናዘጋጅ ሞተሩ ይንገራገጭ ነበር። አስተማሪዬ ምንም ሳይናገር ሚክስቸር የሚባለውን ቀዩን ቁልፍ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሳበው። የሞተሩ ድምፅ ጠራ፣ የዙር መቁጠሪያው መርፌም ከፍ አለ። ከዚያ «አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑንም ካላሳሳኸው ሞተሩ ይታፈናል» አለኝ። አንድ ሐዋሳ ላይ ያለ ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ይህ ይመስለኛል።

አሁን ስሌቱን አብረን እንሥራው። በዚህ ከፍታ መደበኛው የአየር ሙቀት 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በጋ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ሐዋሳ 28 ዲግሪ ሆነች እንበል። ከመደበኛው በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ይጨመራል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ የሚሰማው ከፍታ 1,700 ሳይሆን ወደ 2,570 ሜትር ይሆናል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የሴስናው 180 ወደ 135፣ የሮታክሷ 100 ወደ 75 ይወርዳል። የዳይመንዱ ኦስትሮ ሞተር ግን ቱርቦ ስላለው የሳሳውን አየር ጠቅጥቆ ያስገባል፤ ጉልበቱንም ከሞላ ጎደል እንደያዘ ይቆያል።

ክብደቱን ለጉልበት እናካፍለው። አንድ የፈረስ ጉልበት ስንት ኪሎ ይሸከማል? ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል።

ሴስና 172 ኤስ፣ ሙሉ ክብደት 1,157 ኪሎ፦ በባሕር ጠለል 6.4፣ በሐዋሳ ከሰዓት 8.6።
ባለ ሮታክሷ፣ ሙሉ ክብደት 600 ኪሎ፦ በባሕር ጠለል 6፣ በሐዋሳ 8።
ዳይመንድ ዲኤ40 ኤንጂ፣ ሙሉ ክብደት 1,310 ኪሎ፦ በባሕር ጠለል 7.8፣ በሐዋሳም እዚያው አካባቢ።

በወረቀት ላይ የመጨረሻ የነበረው ሐዋሳ ላይ አንደኛ ሆነ ማለት ነው። የጋሼ ጣት ያረፈበት ደግሞ ወደ ኋላ ቀረ። ሴስናው በባሕር ጠለል በደቂቃ 730 ጫማ ይወጣል፤ በዚያ ሙቀት ሙሉ ጭነት ይዞ ከሐዋሳ ሲነሳ ግን የሚያገኘው ግማሹን ያህል ነው። መንደርደሪያው ረጅም ስለሆነ መነሳቱ አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ከተነሱ በኋላ ያለው ነው፤ ከስምጥ ሸለቆው በየትኛውም አቅጣጫ ቢወጡ ተራራ አለ፣ አዲስ አበባ ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው።

ነዳጁ

ብዙ ገዢ አውሮፕላኑን ካመጣ በኋላ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ሴስና 172 የሚጠጣው አቭጋዝ የሚባለውን እርሳስ ያለበት የአውሮፕላን ቤንዚን ነው። ዊልሰን ላይ ትንንሽ አውሮፕላኖች ስለሚበዙ አቭጋዝ እንደልብ ይቀዳ ነበር። ሐዋሳ ላይ ግን ማደያ ሄደው የሚያስሞሉት ነገር አይደለም፤ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚያመጣው፣ በርሜሉ የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ዳይመንዱ የናፍጣ ሞተር ነው፤ የሞተሩ መሠረት የመርሴዲስ ቤንዝ ባለ 2 ሊትር ናፍጣ ነው፣ የሚጠጣውም ጄት ኤ ዋን፣ ትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች የሚጠጡትን ነው። ትልልቆቹ በሚቀዱበት እሱም ይቀዳል።

ፍጆታውን በሰዓት ከማየት በ100 ኪሎ ሜትር ማየት ይሻላል፤ ፈጣኑ አውሮፕላን ቶሎ ስለሚደርስ የሰዓቱ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። ሴስናው በሰዓት 35 ሊትር ገደማ ይዞ 215 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ለ100 ኪሎ ሜትር ወደ 16 ሊትር ነው። ዳይመንዱ በሰዓት ከ20 እስከ 26 ሊትር ይበላል፣ ፍጥነቱም 240 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ 10 ሊትር ገደማ ይመጣል። ባለ ሮታክሷ በሰዓት 18 ሊትር ገደማ ይዛ 185 ስለምትሄድ እሷም ወደ 10 ትጠጋለች። ልዩነቱ ዳይመንዱ በዚያው 10 ሊትር አራት ሰው መጫኑ ነው።

ከሐዋሳ ቦሌ በአየር መስመር 215 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳይመንዱ ትልቁ ታንክ ከተገጠመለት 148 ሊትር ይይዛል፤ ቦሌ ላይ ሞልቶ የወጣ ሰው ወደ ሐዋሳ ተመልሶ፣ ሌላ ደርሶ መልስ ሠርቶ፣ መጠባበቂያውን ሳይነካ ሐዋሳ ላይ ነዳጅ ሳይቀዳ መቆየት ይችላል። ትንሹ ታንክ 106 ሊትር ነው፤ ሲገዙ የትኛው እንደተገጠመለት ሳይጠይቁ አይለፉ።

ባለ ሮታክሷ የመኪና ቤንዚን ስለምትጠጣ ብዙ ሰው «ይሄማ ማደያው አጠገቤ ነው» ይላል። እውነት አለው፤ ግን ባለ 100 የፈረስ ጉልበቱ 912 የሚፈልገው ኦክቴኑ 95 የሆነ ቤንዚን ነው። ያ በእጅዎ ከሌለ ሞተሩ በውስጡ ይመታል፤ የአውሮፕላን ሞተር ደግሞ እንደ መኪና ዳር ይዘው አያቆሙትም። ኤታኖልም አለ። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ይደባለቅ እንደነበር እናስታውሳለን። ሮታክስ ራሱ እስከ 10 በመቶ ይችላል፤ የአውሮፕላኑ ታንክና የጎማ መስመሮች መቻላቸው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፣ መልሱም የሚገኘው ከአውሮፕላኑ መመሪያ ብቻ ነው።

ጭነትና ጥገና

ሴስናውም ዳይመንዱም ከባዶ ክብደታቸው በላይ የሚሸከሙት 4 ኩንታል ገደማ ነው፣ ነዳጁን ጨምሮ። ሴስናው ታንኩን ከሞላ ወደ 145 ኪሎ ነዳጅ ይዟል፤ የቀረው ለሦስት ሰውና ለሻንጣ ነው። አራት መቀመጫ አለው ማለት አራት ወፍራም ሰው ከሙሉ ታንክ ጋር ይጭናል ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ባለ ሮታክሷ ሁለት ሰው፣ የተመጠነ ነዳጅና አንድ ቦርሳ ነው የምትችለው። ለመማርና ማለዳ ሐይቁን ዞሮ ለመመለስ ታስደስታለች፤ ጂማ ሄዶ ናሙና ቡና ይዞ ለሚመለስ ነጋዴ ግን አትበቃም።

የሴስና ትልቁ ሀብት መካኒኩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ከ44,000 በላይ ተሠርቷል፤ በዓለም ላይ ከሱ የሚበልጥ ቁጥር የተሠራ አውሮፕላን የለም። ላሜራው በሪቬት የተመታ አልሙኒየም ነው፣ እግሩ ጠንካራ ነው፣ ክንፉ ከላይ ስለሆነ ጠጠርና ቁጥቋጦ አይነካውም። ጥርጊያ ሜዳ ላይ ለሚያርፍ ሰው እኔም ብሆን ሴስናውን ነው የምመርጠው። ዳይመንዱ አካሉ ፋይበር ነው፤ ከተጎዳ ልምዱ ያለው ባለሙያ ያስፈልገዋል። ሞተሩ በኮምፒውተር የሚመራ ስለሆነ ችግሩም የሚነበበው በኮምፒውተር ነው፤ መለዋወጫው የሚመጣው ከኦስትሪያ ነው፣ ለዚያም የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ጣሪያው እንዳለ መስታወት ነው፤ ሐዋሳ ፀሐይ ላይ ለአሥር ደቂቃ ዘግተው ቢቀመጡ ያፍናል፣ እስኪነሱ ድረስ ገርበብ አድርገው መያዝ አለብዎት። በምላሹ ሚክስቸር የለውም፣ ካንዴላም የለውም። በአንድ ዘንግ ጉልበት ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉ፤ ቀሪውን ኮምፒውተሩ ይሠራዋል። አስተማሪዬ በእጁ ያሳየኝን ሥራ ዳይመንዱ ራሱ ይሠራዋል ማለት ነው።

ሲረስ ኤስአር22 የሚባለውን አውሮፕላን የሚጠይቁኝም አሉ፤ አውሮፕላኑን እንዳለ ይዞ የሚያወርድ ፓራሹት ስላለው። ፓራሹቱን አከብራለሁ። ግን ባለ ቱርቦው በሰዓት 60 ሊትርና ከዚያ በላይ አቭጋዝ ይጠጣል፤ ሐዋሳ ተቀምጦ አቭጋዝ በበርሜል ለሚያስመጣ ሰው አልመክረውም።

አሮጌ ሲገዙ

አንድ ጊዜ ናይሮቢ ውስጥ ሴስና ለመግዛት ተስማምቼ ነበር። ሻጩ ሞተሩ ከኦቨርሆል (ከሙሉ እድሳት) በኋላ 900 ሰዓት ብቻ እንደሠራ ነገረኝ፤ የሴስናው ሞተር ላይኮሚንግ ደግሞ እስከ 2,000 ሰዓት ይሄዳል። በልቤ 1,100 ሰዓት አተረፍኩ ብዬ ገንዘብ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ሎግቡኩን፣ የአውሮፕላኑን የታሪክ መዝገብ፣ ገልጬ ሳይ የመጨረሻው ኦቨርሆል ከ19 ዓመት በፊት ነው፤ ያለፉትን አራት ዓመታት አውሮፕላኑ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። የላይኮሚንግ ወሰን 2,000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል። የዚህ ሞተር ካምሻፍት፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ያለው ከላይ ነው፤ ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ካምሻፍቱ ይራቆታል፣ ይዝጋል። አብሮኝ የነበረው መካኒክ አንዱን ሲሊንደር አውርዶ ባትሪ ሲያበራበት የካምሻፍቱ ጥርሶች ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ነበር። በጥፍሩ ፋቀው፣ ጎድጓዳ ሆኖ ተሰማው። ሻጩ ምናልባት ራሱም አላወቀም ይሆናል፤ እኔ ግን ለአንድ ሞተር ሙሉ ዋጋ ልከፍል ነበር።

ስለዚህ ትንሽ ሰዓት የሠራ አሮጌ ሞተር ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚበር 1,500 ሰዓት የሄደ ሞተር፣ ቆሞ ከኖረው ባለ 900 ይሻለኛል። ሐይቅ ዳር እርጥበት ስላለ ይህ ነገር ሐዋሳ ላይ ይብሳል።

ብቻ መግዛት ወይስ በሽርክና?

ኢንሹራንስ፣ ሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆሚያ) እና የዓመቱ ምርመራ በረሩም አልበረሩም ይከፈላሉ። እነዚህ በዓመት 10,000 ዶላር ቢሆኑ እንበል። ብቻውን ገዝቶ በዓመት 40 ሰዓት የሚበር ሰው፣ ገና ነዳጅ ሳይቀዳ እያንዳንዱ ሰዓት 250 ዶላር ይሆንበታል። አራት ሆነው እያንዳንዳቸው 40 ሰዓት ከበረሩ 62 ዶላር ገደማ ይሆናል። በዚያ ላይ ሞተሩ በዓመት 160 ሰዓት ስለሚሠራ አይዝግም። ነዳጅ በመቆጠብ ይህን ያህል ማዳን አይቻልም። የጋሼ የሽርክና ሐሳብ ከሦስቱም አውሮፕላኖች በላይ የወደድኩት ነገር ነው። ውሉ ግን በቃል መሆን የለበትም፤ ማን በየትኛው ቀን እንደሚበር፣ ጎማ ያፈነዳ ምን እንደሚከፍል፣ አንዱ ልውጣ ሲል ድርሻው በስንት እንደሚገመት ይጻፍ።

ማንም ቢገዛ፣ ምንም ቢገዛ ግን የሚበርበት ሰዓት ማለዳ ይሁን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሞተሩም የሚያጣው ጉልበት ከከሰዓቱ ያነሰ ነው። ከዚያ በኋላ መሬቱ ሲሞቅ፣ አሞራ ገደል በተባለው የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ የዓሣ ትራፊ ሲጠብቁ ያደሩት አባ ኮዳዎች ሙቁን አየር ተከትለው ይነሳሉ። አንዱ አባ ኮዳ እስከ 9 ኪሎ ይመዝናል። ከትንሽ አውሮፕላን መስታወት ጋር የሚገናኘው ወፍ እሱ እንዲሆን አንፈልግም።

ለጋሼ የነገርኳቸው ይህን ነው። አራት ሆናችሁ አዲስ አበባና ጂማ የምትመላለሱ ከሆነ፣ ያገለገለ ዳይመንድ ዲኤ40 ኤንጂ በሽርክና። ሲገዛ ከሴስናው በጣም ይወደዳል፤ ለዚያ ነው ለአንድ ሰው የማልመክረው። ጥርጊያ ሜዳ ላይ የማረፍ ሐሳብ ካላችሁና የአቭጋዙን ነገር በጽሑፍ ካረጋገጣችሁ ሴስና። ልጅዎ መማር ብቻ ከፈለገ ባለ ሮታክሷ። በሦስቱም ቢሆን፣ የአውሮፕላኑ ዓይነትና ዕድሜ አገራችን ላይ ኢቲ በሚለው የኢትዮጵያ መለያ ሊመዘገብ መቻሉን ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሳትጠይቁ ቀብድ አትክፈሉ።

ጋሼ ወረቀቶቹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ታዲያ የሙከራ በረራውን መቼ እናድርገው?» አሉኝ። ዊልሰን ላይ ይሁን አልኳቸው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ መመሪያው የሚፈቅደውን ያህል ጭነን፤ የመውጫ ፍጥነቱን መርፌ እርስዎ ራስዎ ይቁጠሩት።