ሪማፕ ወይስ ኖዝል ቤት? ናፍታ ለመቆጠብ ብሩ የት ይውጣ

የናፍታ ሊትር በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ 90 ብርን ካለፈ ወዲህ አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ ብሎኛል። «ሪማፕ ላስደርግ እንዴ? ናፍታ ይቀንሳል አሉኝ።» ሪማፕ የሚሉት የመኪናውን ኮምፒውተር አንብቦ ውስጡ ያለውን ሶፍትዌር መቀየርን ነው። ሃይሉክስ ያለው ይጠይቃል፣ ፕራዶ ያለው ይጠይቃል፣ ሚኒባስ የሚያሠራውም ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማብራራት አንዴ ጽፌ ልገላገል።

መልሴን አልደብቅም። ብራችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ኖዝልና ፓምፕ ቤት ሂዱ፤ ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኖዝልና የሚገፋውን ፓምፕ የሚፈትሽና የሚጠግን ቤት ማለቴ ነው። ሪማፕ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል። ለብዙዎቻችሁ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም።

በዋጋ እንጀምር፤ ዞሮ ዞሮ ወሬው የሚያልቀው እዚያ ነው። ገበያ ላይ አራት ነገር አለ። ርካሹ መሪው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ የምትሰካው «ናፍታ ቆጣቢ» ናት፤ ከ1,000 እስከ 2,000 ብር ይሏታል። ቀጥሎ ከዱባይ በሻንጣ የሚመጣው ቺፕ ቦክስ አለ፤ ለእኔ የጠሩልኝ 15,000 ነው። ከዚያ ሪማፕ አለ። 25,000 ያለኝም 50,000 ያለኝም አለ፤ ሲከራከሩት የሚበዛው 35,000 ላይ ይቆማል። አራተኛው ኖዝል ማስፈተሽና ፓምፕ ካሊብሬት ማስደረግ (ልኩን ማስተካከል) ነው። የአራቱም ኖዝል ፍተሻ ብቻውን እኔ በምሄድበት ቤት 3,000 ብር አይሞላም። ጥገናው ግን ውስጡ እንደተገኘው ጉድ ነው፤ እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ። ዋጋው በየወሩ ስለሚቀያየር ሄዳችሁ ጠይቁ።

አሁን የ35,000ውን ሒሳብ አብረን እንሥራ። በወር 1,500 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር የሚሰጥ ሃይሉክስ እንያዝ። በወር 167 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ሒሳቡ እንዲቀለን ሊትሩን 100 ብር እንበለው፤ 16,700 ብር ሆነ። ሻጩ «10 ፐርሰንት ይቀንስልሃል» ይላል። ቃሉን ሙሉ በሙሉ ብናምነው እንኳ በወር የምትተርፈው 1,670 ብር ናት። 35,000ው የሚመለሰው በ21 ወር ነው። ቅናሹ 4 ፐርሰንት ሆኖ ቢገኝስ? ከአራት ዓመት በላይ። እስከዚያ መኪናውም ተሽጦ ይሆናል።

በወር 5,000 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ የሚነዳ ሰው ግን ሌላ ነው። እሱ በ4 ፐርሰንትም ቢሆን በ16 ወር ውስጥ ብሩን ያገኘዋል። ስለዚህ ሪማፕ ማታለያ ነው አልልም። ከተማ ውስጥ ቢሮና ቤት ለሚመላለስ ሰው ግን ውድ ነው።

ሶኬት ላይ የምትሰካዋን ቶሎ እንጨርሳት። ከፍቼ አይቻታለሁ። ውስጧ አንዲት ትንሽ ቺፕ፣ ጥቂት ሬዚስተሮችና ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች ናቸው ያሉት። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚያነጋግር ክፍል የላትም። ሥራዋ መብራት ማብራት ብቻ ነው። የነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰረው ማግኔትም ያው ነው፤ በዚያ ብር ጎማችሁን አስነፉ።

ቺፕ ቦክሱ በእርግጥ ይሠራል። ችግሩም መሥራቱ ነው። የናፍታውን ግፊት በሚለካው ሴንሰርና በኮምፒውተሩ መሀል ይገባና «ግፊቱ ዝቅ ብሏል» ብሎ ይዋሻል። ኮምፒውተሩም አምኖ ፓምፑን ጨምር ይለዋል። ከ1,300 ባር (የግፊት መለኪያ) በላይ የሚሠራ ፓምፕ ላይ ሌላ ጫና ይደረብበታል። ጉልበት ይጨምራል፣ አይካድም። ደስ የሚለው ግን ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የፍጆታ ቁጥርም ይቀንሳል! ኮምፒውተሩ የላከውን ናፍታ በትክክል ስለማያውቅ ነው የሚቀንሰው። ማደያ ሄዳችሁ ስትሞሉ ቁጥሩ እዚያው ነው። ብዙ ሰው «ሠርቶልኛል» የሚለው ዳሽቦርዱን አይቶ ነው።

ወደ ሪማፕ ከመግባታችን በፊት አንድ ጥያቄ። ለመሆኑ መኪናችሁ የሚቀየር ኮምፒውተር አለው? ሳቅ ሊመጣባችሁ ይችላል፤ ግን ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ላንድክሩዘር ይዞ ሪማፕ ስንት ነው ያለኝ ሰው አለ። 1ኤችዜድም ሆነ የሚኒባሱ 5ኤል ሞተር ናፍታ የሚያድለው በሜካኒካል ፓምፕ ነው። እዚያ ላይ ሪማፕ የሚባል ነገር የለም። «እሠራልሃለሁ» የሚል ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ። እነዚህ መኪኖች ላይ ቱኒንግ (ሞተር ማስተካከል) ማለት የፓምፑ ልክ፣ ታይሚንጉ (ናፍታው የሚረጭበት ጊዜ) እና ኖዝሉ ነው።

እነዚህኛዎቹ ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ትርፍ አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርን ያለፈች ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ወደ ሩብ በሚጠጋ ያነሰ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ማሽን) የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል። ፓምፑ ለቆላ ተለክቶ ከሆነና የከፍታ ማስተካከያ ከሌለው ግን ናፍታውን ሳይቀንስ ይልካል። የሚቃጠልበት አየር የለም። እንጦጦን ሲወጣ ከኋላው ያለውን ሁሉ በጥቁር ጭስ የሚሸፍነው ሚኒባስ ይኸው ነው። ያ ጭስ ተከፍሎበት ተገዝቶ በማርሚታ የሚወጣ ናፍታ ነው። ጥሩ የፓምፕ ባለሙያ ፓምፑን መፈተሻ ማሽን ላይ አስሮ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሲሠራ የሚላከውን የናፍታ መጠን ለእኛ ከፍታ ይቀንሰዋል። ጭሱ ይጠፋል፣ ጉልበቱ ደግሞ ብዙም አይነካም፤ ያልተቃጠለ ናፍታ መጀመሪያም አልገፋም ነበርና። የመንገድ ዳር መካኒክ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። «ጉልበት አነሰው» ስትሉት የፓምፑን የናፍታ መጠን ብሎን ወደ ውስጥ ያጠብቃታል፣ መኪናው ይጮኻል፣ እናንተም ደስ ብሏችሁ ትሄዳላችሁ።

ከፍታው ቱርቦ ያላቸውንም አይምርም። እዚህ ሪማፕ ላይ ትልቁ ቅሬታዬ አለ። አየሩ ስለሳሳ ቱርቦው ያንኑ አየር ለመስጠት ከቆላው ይልቅ በፍጥነት መሽከርከር አለበት። ፋብሪካው ያን ያውቃል፤ ኮምፒውተሩ የአየር ግፊቱን እያየ ቱርቦውን ይገድበዋል። ከኢንተርኔት የወረደ የአውሮፓ ፋይል ግን ለቆላ አገር የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። «ቱርቦ ጨምሬልሃለሁ» የሚላችሁ ሰው ይህን ገደብ ነክቶት እንደሆነ ጠይቁት። ፊቱን አይታችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። ማንበቢያ መሣሪያውም ቢሆን ኦሪጅናሉ በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ያወጣል፤ የቻይናው ኮፒ ከዚያ እጅግ ባነሰ ይገኛል። ኮምፒውተሩ በኮፒው ሲጻፍ መሀል ላይ ቢቋረጥ መኪናው ላይነሳ ይችላል። ካስደረጋችሁም ቢያንስ የፋብሪካውን ፋይል በፍላሽ ተቀበሉ።

አሁን ወደ አማቼ ሃይሉክስ። 2ኬዲ ሞተር ነው። በሊትር 10 ይሰጥ የነበረው ወደ 8 ወረደበት። ሪማፕ ቤት ሄደ። ሳይፈትሹ ጻፉለት፣ 35,000 ከፈለ። መኪናው ፈጠነ፣ እሱም እግሩ ከበደ፤ ጉልበት ሲገኝ ማን ቀስ ብሎ ይነዳል? ፍጆታው ግን 8 ላይ ቀረ። ቆይቶም ጠዋት ሲነሳ መንኳኳት ጀመረ።

ኖዝል ቤት ስንወስደው ባለሙያው ምንም ሳይፈታ በአራቱ ኢንጀክተሮች (ኖዝሉን በያዙት ናፍታ ረጪዎች) የትርፍ ናፍታ መመለሻ ላይ ቀጫጭን ቱቦ አስገባ። የቱቦዎቹን ጫፍ በአራት ትናንሽ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ከተተ። ሞተሩን አስነሳና በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ተወው። ሦስቱ ጠርሙሶች ሥራቸው እርጥብ ብቻ ሆኖ የሦስተኛው ሲሊንደር ጠርሙስ ግማሽ ደረሰ። «ጋሼ፣ ይኼ ናፍታውን እየመለሰው ነው፤ ኮምፒውተር ምን ያደርግለታል?» አለው። ያቺ ፍተሻ ከሪማፑ በፊት ብትሆን ኖሮ 35,000ው ኪሱ ይቀር ነበር። ሲቀጥል ደግሞ ቴርሞስታቱ ተነቅሎ መጣሉ ታወቀ።

ይቺ የቴርሞስታት ነገር ታናድደኛለች። መኪና በጋለ ቁጥር «አያስፈልግም» ብለው ነቅለው የሚጥሉ አሉ። ሞተሩ ሁልጊዜ እንደቀዘቀዘ ይነዳል። የቀዘቀዘ ሞተር ናፍታ ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል። በእኛ ብርድ ደግሞ ጭራሽ! የሙቀት መለኪያው ዳገት ላይ ካልሆነ በቀር ከታች የማይነሳ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስከፍታችሁ እዩ። ከዝርዝሩ ሁሉ ርካሹ ጥገና ነው።

አሁን ዋናው ወጪ፣ ኢንጀክተሩ ራሱ። ለአማቼ ሦስት መንገድ ቀረበለት። አዲስ ኦሪጅናል፣ አንዱ 45,000 ብር። ያገለገለ ግን የተፈተሸ፣ 18,000። «ያው ነው፣ ፋብሪካው አንድ ነው» የሚባለው ኮፒ፣ 9,000። ዘጠኝ ሺውን መረጠ፤ ማንም ይመርጥ ነበር። ማሽን ላይ ሲታይ ርጭቱ መጥፎ አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያው ማንኳኳት ተመለሰ። ኮፒው ቶሎ የሚበላበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መርፌውና ቤቱ የሚገጥሙበት ልክ ከሚሊሜትር ሺሕኛ ጋር የሚቆጠር ነው። ብረቱ ደካማ ከሆነ በዚያ ግፊት ይበላል። እኔ ብሆን መካከለኛውን፣ ያገለገለውን ኦሪጅናል እወስዳለሁ፤ ማሽን ላይ በዓይኔ ካየሁት ብቻ።

ዕቃውን ስትገዙ ካርቶኑን አትመኑ። ካርቶን ማተም ከባድ ሥራ አይደለም። ዴንሶ የሚሠራቸው የእነዚህ ቶዮታዎች ኢንጀክተሮች አናት ላይ 30 ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ አለ። የዚያ ኢንጀክተር የራሱ ልክ ነው፣ ከሌላው ጋር አንድ አይሆንም። ሁለት ኢንጀክተር ላይ ያው ኮድ ካያችሁ ጨዋታው አልቋል። ሲገጠምም ኮዱ ወደ ኮምፒውተሩ መግባት አለበት። «አያስፈልግም፣ ራሱ ይለምደዋል» የሚል መካኒክ መሣሪያው ስለሌለው ነው። ኮዱ ያልገባ አዲስ ኢንጀክተር ሊያንኳኳ፣ ሊያጨስ ይችላል፤ ከዚያ «ዕቃው ነው» ይባላል።

የመዳብ ሮንዴላውም አለ። ኖዝል በወጣ ቁጥር ከሥሩ ያለችው ሮንዴላ መቀየር አለባት፤ ዋጋዋ ከምሳ አይበልጥም። አሮጌዋን መልሶ የሚገጥም ካያችሁ አስቁሙት። በ1ኬዲ ሞተር ላይ ይህች ነገር የታወቀች ናት። የማቃጠያው ጭስ በሮንዴላዋ በኩል ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል፣ ዘይቱን የሚስበው ወንፊት ይደፈናል። ከዚያ ሞተር ማውረድ ነው። በሮንዴላ ዋጋ ሞተር!

አንድ ሌላ ነገር፣ በሹክሹክታ የሚነገር። ኖዝል ስታስወጡ መኪናው ቤቱ ከመግባቱ በፊት የእያንዳንዱን ኮድ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የተቀየረው አሮጌም በእጃችሁ ይመለስ። ዕድሜ የቀረው ኦሪጅናል ወጥቶ ኮፒ ገብቶለት የሄደ መኪና ብዙ ነው።

ሚኒሞው ከፍ ዝቅ የሚልባችሁ ደግሞ ፓምፕ ለመቀየር አትሩጡ። ፓምፑ ላይ ያለችው የመምጠጫ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ብቻዋን ትቀየራለች። «ፓምፕህ አልቋል» ተብሎ ሙሉ ፓምፕ የገዛ ሰው አውቃለሁ፤ የቀድሞውን ፓምፕ ሌላ ሰው ገዝቶት ቫልቯን ቀይሮ እየነዳው ነው።

የናፍታ ፊልትሮ፣ አየር ፊልትሮ፣ የጎማ ንፋስ፣ የሚይዝ ፍሬን፤ እነዚህን ታውቋቸዋላችሁ፣ አልደግማቸውም። ፍሬኑን ብቻ በእጅ አረጋግጡ። ከረጅም ጉዞ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ በተለየ የሚግል ከሆነ ናፍታችሁ እዚያ እየተቃጠለ ነው።

ምንም አስደረጋችሁ ምን፣ ከማስደረጋችሁ በፊት ለኩ። አንድ ማደያ፣ ያው ቀጂ ማሽን፣ እስኪሞላ። ከዚያ ነድታችሁ እዚያው መልሳችሁ ሙሉ። ወደ አዳማ ብቻ ነድታችሁ እንዳትለኩ። መንገዱ ከአዲስ አበባ ከፍታ በመቶዎች ሜትሮች እየወረደ ነው የሚሄደው፤ ማንኛውም መኪና እዚያ ቆጣቢ ይመስላል። ሻጭ ለሙከራ ወዴት እንደሚነዳችሁ ልብ በሉ፤ ሄዳችሁ ከተመለሳችሁ ነው ቁጥሩ እውነት የሚሆነው። ፈጣን መንገዱ ላይ 120 ስትነዱና 90 ስትነዱ ያለውንም ልዩነት በዚያው እዩት። ከየትኛውም ሪማፕ ይበልጣል፣ ነጻም ነው።

ፍተሻውም ጥገናውም አልቆ መኪናው ጤነኛ ከሆነ፣ ቱርቦና ኮመን ሬል (ናፍታው በኮምፒውተር ትዕዛዝ የሚረጭበት) ከሆነ፣ ወሩን ሙሉ አገር አቋራጭ ላይ ከሆናችሁ፣ ያኔ ስለ ሪማፕ ደውሉልኝ። ኖዝል ቤት ስትመርጡ ደግሞ መፈተሻ ማሽኑን ከፊታችሁ ካላስነሳ፣ «አንተ ውጭ ጠብቅ» ካላችሁ፣ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ቀጣዩ ቤት ሂዱ።