«ስዊፍት ኮድ እናወጣለን» ለሚሏችሁ ብር እንዳትከፍሉ

ከውጭ ገንዘብ የምትጠብቁ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። በተለይ ስታዲየምና ፒያሳ አካባቢ ፎርም ለማስሞላት ኮፒ ቤት የምትገቡ።

ባለፈው ወር ጀርመን ያለው ወንድሜ ለእማዬ ሕክምና 1,000 ዩሮ ሊልክ ፈልጎ «የባንክሽን ስዊፍት ኮድ ላኪልኝ» አለኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ስታዲየም አካባቢ አንድ ጠባብ ሱቅ በር ላይ «ስዊፍት ኮድና አይባን እናወጣለን» የሚል ወረቀት አየሁና ገባሁ። ልጁ 1,500 ብር ተቀበለኝ። ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። «በስምሽ ወጥቷል» አለኝ። አመንኩት።

ኮዱ የሌላ ባንክ ነበር። ገንዘቡ እዚያ ሄደ፤ የእኔ ሂሳብ እዚያ የለም፤ ተመለሰ። ይሄ ሁሉ 19 ቀን ፈጀ። መሃል ላይ ያሉት ባንኮች ኮሚሽናቸውን ቆርጠው ወንድሜ እጅ የገባው 938 ዩሮ ነው። የእማዬ ቀጠሮ አለፈ። ከብሩ ይልቅ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ስዊፍት ኮድ በሰው ስም አይወጣም። የባንኩ አድራሻ ነው፤ ደንበኛው ሁሉ የሚጠቀመው ያንኑ ነው። ርዝመቱ 8 ወይም 11 ፊደልና ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ 4 ፊደላት ባንኩን ይነግሯችኋል። ቀጥለው ያሉት 2 አገሩን፤ የእኛ «ኢ ቲ» ነው። ከዚያ ያሉት 2 ቦታውን። ተጨማሪ 3 ካሉ ቅርንጫፍ ለመለየት ናቸው። የንግድ ባንክን ብታዩ «ሲ ቢ ኢ ቲ፣ ኢ ቲ፣ ኤ ኤ» ነው። ባንካችሁን ጠይቁ፣ በነፃ ይነግሯችኋል። እኔ በኋላ ስጠይቅ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ወዲያው ጻፈችልኝ።

አይባን እናወጣለን የሚሉትም ያው ማታለል ነው። አይባን አውሮፓና ሌሎች አገሮች የሚጠቀሙበት ረጅም የሂሳብ ቁጥር ነው። ኢትዮጵያ አይባን አትጠቀምም። ላኪው የሚሞላው የደብተራችሁን የሂሳብ ቁጥር ነው። ስማችሁም ባንክ ላይ እንደተመዘገበው ይጻፍ፣ እስከ አያት።

ገንዘቡ ተልኮ ከዘገየባችሁ ላኪው ከባንኩ የመላኪያውን ማስረጃ ይጠይቅ፤ እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) «ኤም ቲ 103» ይባል የነበረው፣ አሁን «ፓክስ 008» የሚባለው ነው። ክፍያው የት እንደቆመ የሚፈለገው በእሱ ነው። ግን ማስረጃው መላኩን እንጂ መድረሱን አያሳይም፤ ሂሳባችሁ ውስጥ ሳይገባ ዕቃ እንዳታስረክቡ።

እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛችሁ ገና ያላስላካችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ባንካችሁ ሄዳችሁ አሳዩት።