ለድግስ የድሮ የወታደር ምድጃ፦ የእንጨቱ፣ የቤንዚኑ ወይስ በመኪና የሚጎተተው?

ውጭ አገር ለማኅበር ወይም ለጥምቀት ድግስ ያበሰለ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ሁለት መቶ ሰው ይመጣል፣ የቤቱ ምድጃ ደግሞ ከሁለት ትልቅ ድስት በላይ አይችልም። ያገለገለ የጦር ሠራዊት ዕቃ የሚሸጥበት ጎራ ብትሉ ሻለቃ ሙሉ ያበሉ ምድጃዎች ታገኛላችሁ። ያምራሉ። ግን ሁሉም ለወጥ አይሆኑም። ሦስቱን ላወዳድርላችሁ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ከቀላሉ እንጀምር፤ የእንግሊዙ ሶየር። አሌክሲስ ሶየር የተባለ ፈረንሳዊ ወጥ ቤት በክሬሚያ ጦርነት፣ በ1855፣ ለእንግሊዝ ጦር ያመጣው ነው። የላሜራ በርሜል፣ ከታች እሳት፣ ከላይ ድስት፣ ከጎን ጭስ ማውጫ። በቃ። እንጨት በሉት ከሰል፣ ኩበትም ቢሆን አይመርጥም። እሳቱ የታፈነ ስለሆነ ከሦስት ጉልቻ በጣም ያነሰ እንጨት ይፈጃል። አንዱ 50 ወታደር ያህል ያበላ ነበር። ጦሩ ከመቶ ዓመት በላይ አልጣለውም፤ በ1982 በፎክላንድ ጦርነት በሰመጠችው አትላንቲክ ኮንቬየር በምትባል የዕቃ መርከብ ላይ ሳይቀር ተጭኖ ነበር።

ስትገዙት የእሳት ቤቱን ወለል በመዶሻ ጫፍ ቆርቆር አድርጉት። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው። ድምፁ ከታፈነ ላሜራው ሳስቷል፣ እሱንም ማንኛውም በያጅ ይቀይረዋል። ድስቱ ውስጡ ዚንክ የተለበጠ ከሆነ ግን ቲማቲምና ሎሚ አይግባበት፤ ውኃ ማፍያ አድርጉትና የራሳችሁን ብረት ድስት ጣዱ።

የአሜሪካው ኤም-1937 ሌላ ዓለም ነው። ቁም ሳጥን ይመስላል። የቤንዚን በርነሩ (እሳቱ የሚነድበት ክፍል) እንደ መሳቢያ ይገባል፤ ከፍ ስታደርጉት ከላይ መጥበሻ፣ ዝቅ ስታደርጉት መጋገሪያ ይሆናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በኮሪያም ጦሩን የቀለበው እሱ ነው። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የተዋጋው ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ስለነበር፣ የዘመቱት አባቶቻችን ሳያውቁት አይቀሩም። ለቁሌት ከሦስቱ እሱን የሚያህል የለም፤ እሳቱን ከፍና ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ።

ግን ልፋት አለው። እኔ የገዛሁትን ሻጩ «ይሠራል» ብሎኝ ነበር። ቤት ወስጄ ብነፋው ፓምፑ ፉት አይልም። ፈትቼ ሳየው የፓምፑ ቆዳ ደርቆ ቋንጣ ሆኗል። ሌሊቱን ዘይት ውስጥ ነክሬ አሳደርኩት፤ ጠዋት ለስልሶ እጄን መግፋት ጀመረ። ቀጥሎ ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ አጠቆረው። ነዳጁ የሚተንበት ቱቦ በጥላሸት ተደፍኖ ነበር። ፕሪመስ በመርፌ እየወጋ ያደገ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ ድስት አትጣዱበት።

እዚህ ላይ የቋንቋ ወጥመድ አለ። ፈረንጆቹ «ዋይት ጋዝ» የሚሉት ንጹሕ ቤንዚን ነው። እኛ ነጭ ጋዝ የምንለው ላምባ ነው። ቃል በቃል ተርጉሞ ላምባ የሞላ ሰው ጥላሸት ብቻ ነው የሚያተርፈው። የድሮ ጋስኬቶችንም እንዲሁ አትፋቁ፤ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል፣ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። ወታደሮቹ በርነሩን የሚለኩሱት ከድንኳን ውጭ ነበር፣ ነዳጅም የሚሞሉት እዚያው ነበር። እናንተም ጋራዥ ውስጥ እንዳትሞክሩት። መግዛት ካማራችሁ ግን በኋላ የመጣውን ኤም-59 ከኤም-2 በርነር ጋር ፈልጉ፤ አዲስ ስለሆነ መለዋወጫው ይሻላል።

ሦስተኛው በመኪና የሚጎተተው ነው፤ ጀርመኖች «የጉላሽ መድፍ» ይሉታል፣ ጉላሽ የሥጋ ወጥ ነው። መድፍ ያሉት ጭስ ማውጫው ቀጥ ብሎ ሲታይ የመድፍ አፈሙዝ ስለሚመስል ነው። ትልቁ ዓይነት ድስቱ 200 ሊትር ይይዛል። የሚደነቀው ግን መጠኑ አይደለም። ድስቱ ድርብ ግድግዳ አለው፣ በመሃሉ ግሊሰሪን ይሞላል፤ እሳቱ ድስቱን በቀጥታ አያገኘውም። ስለዚህ ምግቡ አያርም። ምስር፣ ክክ፣ ሾርባ ጥላችሁበት ሄዳችሁ ብትመለሱ ሥሩን አይዝም። ሽንኩርት ማቁላላት ግን ከዚህ አትጠብቁ፤ ቁሌቱን ሌላ ቦታ ሠርታችሁ ትገለብጡበታላችሁ። ጀርመን ያላችሁ ማኅበርተኞች ብታዋጡበት አይቆጫችሁም። ለአንድ ቤተሰብ ግን መጎተቻ መኪናም ማቆሚያ ቦታም ይጠይቃል።

ጀበና ብቻ ለመጣድ ከሆነ ይኼ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም፤ በ1942 የወጣችው የኮልማን የኪስ ምድጃ ትበቃለች።

እኔ ሶየር ነው የምገዛው፤ ቁሌቱን ደግሞ ቤት ሠርቼ እወጣለሁ። የጉላሽ መድፍ ዓይናችሁ ከገባ ግን መጀመሪያ ሻጩን ስለ ግሊሰሪኑ ጠይቁት። መቼ እንደተቀየረ ካላወቀ፣ ወይ ድስቱ ውስጥ የሚያዳልጥና የሚጣፍጥ እርጥበት ካገኛችሁ፣ ግድግዳው ያፈሳል ማለት ነው። ድርድሩን ከባዶ ጋሪ ዋጋ ጀምሩ።