ባለእጀታ ምላጭ መያዝ የሚያስተምረው የከዚራው ፀጉር ቤት

ድሬዳዋ ከዚራ የሚገኝ አንድ ፀጉር ቤት፣ ጢማቸውን ባለ ተጣጣፊ እጀታ በሆነው ምላጭ ራሳቸው መላጨት ለሚፈልጉ ደንበኞች፣ ሥራው ቀዝቀዝ በሚልበት የቀትር ሰዓት ያስተምራል። ባለሙያው ጢሙን በሞቀ ፎጣ አለዝበው፣ ሳሙናውን አረፋ እስኪያወጣ በብሩሽ መትተው ከቀቡ በኋላ፣ ምላጩን ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ መያዝን፣ በሌላው እጅ ቆዳውን ወጥሮ ጢሙ በበቀለበት አቅጣጫ በአጫጭሩ መሳብን ያሳያሉ። «እጅህን አታክብደው፣ ምላጩ ራሱ ይሥራ» የሚለው ምክራቸው ጉንጭ ላይ በእጅጉ ይሠራል፤ አገጭ ላይ ግን ምክርም ብዙ አያድንም።

ከሁሉ ይበልጥ የወደድኩት ስለ ስለቱ አያያዝ የሚሰጡት ትምህርት ነው። ምላጩ በቆዳ ጠፍር ላይ የሚመላለሰው ጀርባው ቀድሞ፣ ስለቱ ተከትሎ ሲሆን፣ ከዳር ሲደርስም በጀርባው ይገለበጣል፤ ስለቱ ከቀደመ ጠፍሩን ይቆርጣል፣ ራሱም ይደንዛል። ደም ሊነካው የሚችል ዕቃ በመሆኑ ተማሪው የራሱን ምላጭ ይዞ እንዲመጣ ማስገደዳቸውም ተገቢ ነው።

ቅር ያሰኘኝ ቬንቲሌተሩ ነው፤ በድሬ ሙቀት ያለ እሱ መቀመጥ ባይቻልም፣ በቀጥታ ፊት ላይ ስለሚነፍስ የጀማሪ እጅ ግማሽ ጉንጭ ሳይጨርስ አረፋው ይደርቃል። ወንበሩን ወደ በሩ እንዲያዞሩላችሁ ጠይቁ።