ባለ 8 ጫማው ፎም ሰርፍ ቦርድ፦ ቦርዱ ጥሩ ነው፣ ገመዱን ግን ቀይሩት

መጀመሪያ ፍርዱን ልናገርና ልገላገል። ሰርፊንግ፣ ማለትም ቦርድ ላይ ቆሞ በባሕር ሞገድ መንሸራተት፣ መጀመር ካሰባችሁ፣ የምትገቡበት ባሕር ደግሞ ወለሉ አሸዋ ከሆነ፣ ባለ 8 ጫማ ፎም ቦርድ ተከራዩ። ከወደዳችሁት ግዙ። ሱቅ ግድግዳ ላይ የተደረደሩት የሚያብረቀርቁ አጫጭር ቦርዶች ያምራሉ፣ ለምን ይዋሻል። ለጀማሪ ግን አይሆኑም። ሻጩ "ቶሎ ትለምዱታላችሁ" ቢላችሁም አትስሙት።

የማወራው ስለ አንድ ብራንድ አይደለም። ይሄ ዓይነቱ ቦርድ ማርኩና ቀለሙ ይለያያል እንጂ ውስጡ ከሞላ ጎደል ያው ነው። መሃሉ ኢፒኤስ የሚባለው ነጭ ፎም ነው፤ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ተጠቅጥቆ የሚመጣው ማለት ነው። እንዳይሰበር ርዝመቱን ተከትለው የሚሄዱ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን እንጨቶች ይገቡበታል። ላዩ ለስላሳ ቆዳ፣ ሆዱ የሚያንሸራትት ፕላስቲክ ነው። ርዝመቱ 2.44 ሜትር፣ ስፋቱ 57 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ውፍረቱ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ ቁጥር ግን ዋናው ሊትሩ ነው። ሊትር የሚባለው የቦርዱ ጠቅላላ ይዘት ሲሆን ምን ያህል እንደሚያንሳፍፋችሁ የሚናገረው እሱ ነው። ባለ 8 ጫማው ፎም ብዙውን ጊዜ 80 ሊትር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። በውድድር ላይ የምታዩዋቸው ሰዎች የሚቆሙበት አጭር ቦርድ ከ25 እስከ 30 ሊትር ገደማ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው በእጃችሁ ስትቀዝፉ ነው። ትንሹ ቦርድ ላይ ደረታችሁ ውሃ ውስጥ ገብቶ እየተንፈራገጣችሁ ሞገዱ ጥሏችሁ ያልፋል። ትልቁ ላይ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀዘፍ ስታደርጉ ቦርዱ ራሱ ይነሳል።

አሁን ወደ ባሕሩ እንምጣ፤ ምክንያቱም ቦርድ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባለው ከሚገባበት ሞገድ ጋር ነው። በአሸዋማ ዳርቻ ሞገዱ የሚሰበረው ከውሃው ሥር የተከመረ አሸዋ መንገድ ስለሚዘጋበት ነው። በግርድፉ የውሃው ጥልቀት የሞገዱን ቁመት 1.3 እጥፍ ያህል ሲሆን ሞገዱ ይሰበራል። 1 ሜትር የሆነ ሞገድ 1.3 ሜትር ጥልቀት ላይ ይሰበራል ማለት ነው፤ ለብዙ ሰው ደረት ድረስ ነው። ለጀማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እግራችሁ መሬት እየነካ፣ ቦርዱን በጎናችሁ ይዛችሁ፣ የተሰበረው ነጭ አረፋ ሲደርስ ቦርዱ ላይ ዘላችሁ ትተኛላችሁ። በቃ፣ ይወስዳችኋል። ቋጥኝና ኮራል ባለበት ባሕር እንዲህ ያለ ልምምድ አይታሰብም።

የአሸዋ ጣጣው አንድ ቦታ አለመርጋቱ ነው። አንድ ከባድ ማዕበል ሲያልፍ ክምሩ ይበተንና ሌላ ቦታ ይከመራል። ባለፈው ሳምንት ቆንጆ ሞገድ የነበረበት ቦታ ዛሬ ከዳር እስከ ዳር ባንዴ ዘጭ የሚል ግድግዳ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ሰርፈሮች ክሎዝአውት የሚሉት ይሄንን ነው፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም መሄጃ የለውም። ባሕሩ ሲሞላና ሲሸሽ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሁሉም ነገር ይለወጣል። ስለዚህ "ይሄ ቦርድ እኛ ባሕር ላይ ይሆናል?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ በስንት ሰዓት ነው የምትገባው ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ትንበያ ስታዩ ቁመቱ ላይ ብቻ አታፍጥጡ። በአንዱ ሞገድና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ሰከንድም እዩ። 6 ሰከንድ ከሆነ እዚያው አካባቢ ነፋስ ያስነሳው ዝብርቅርቅ ውሃ ነው። ከ10 በላይ ሲሆን ከሩቅ የመጣ፣ የተደረደረና ጉልበት ያለው ሞገድ ነው፤ ቁመቱ ያው ቢሆንም ምቱ ይከብዳል። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ የሞገዱን ፊት ያስተካክለዋል፣ ከባሕር ወደ የብስ ሲመጣ ደግሞ ያፈራርሰዋል። እዚህ ላይ ፎም ቦርዱን ላመስግነው፦ ሌላው ሰው ተስፋ ቆርጦ በሚወጣበት የተዘበራረቀ ትንሽ ውሃ ላይ ይሄ ሰፊ ቦርድ እዳው ገብስ ነው። ያንሳፍፋችኋል፣ ያስቆማችኋል፣ ትስቃላችሁ።

እስከ ወገብ ለሚደርስ ሞገድ እንከን አላወጣለትም። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን አመሉን ያወጣል።

የመጀመሪያው ችግር አፍንጫው ነው። ፎም ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ዝርግ ነው፣ ፊቱ ወደ ላይ ብዙም አይታጠፍም። የአሸዋ ሞገድ ደግሞ ቶሎ ቀጥ ይላል። ሁለቱ ሲገናኙ የቦርዱ አፍንጫ ውሃ ውስጥ ይሰካና እናንተ በላዩ ትወረወራላችሁ። መፍትሔው የምትተኙበት ቦታ ነው፤ ስትተኙ አፍንጫው ከውሃው ጥቂት ጣት ያህል ከፍ ብሎ መታየት አለበት። በጣም ወደ ኋላ ከተኛችሁ ደግሞ ቦርዱ ውሃውን እየገፋ ፍሬን ይሆንባችኋልና ሞገዱን አታገኙትም። ሌላው ዘዴ ሞገዱ ቀጥ ሳይል ቀደም ብሎ መነሳት ነው። ትልቁ ቦርድ የሚበልጠውም እዚህ ነው፣ ቀድሞ ይይዛል፣ እናንተም ያንን ጊዜ ተጠቀሙበት።

ሁለተኛው ችግር ወደ ውስጥ መግባቱ ነው። በአጭር ቦርድ የሚቀዝፉት ሰዎች ሞገድ ሲመጣ አፍንጫውን ደፍቀው ከሥሩ ያልፋሉ። 80 ሊትር ፎም ግን ልድፈቅህ ብትሉት በጄ አይልም። ያላችሁ አማራጭ ቦርዱን አጥብቆ ይዞ ተገልብጦ፣ ቦርዱ ከላይ እናንተ ከሥር ሆናችሁ አረፋውን ማሳለፍ ነው። መካከለኛ ሞገድ ላይ ይሠራል። ትልቅ ሲሆን ከእጃችሁ ይነጥቃችኋል። አንዳንዱ ሰው ሞገድ ባየ ቁጥር ቦርዱን ወርውሮ ይጠልቃል፤ ከኋላው ሰው ካለ ይሄ ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው። "ለስላሳ ነው ምን ይጎዳል" የሚል ካጋጠማችሁ አትመኑት። ላዩ ይለስልስ እንጂ ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ ነገር ሞገድ ገፍቶት ሲመጣ ጥርስ ያወልቃል።

አሁን ዋናው ቅሬታዬ ጋ ደረስን፤ ገመዱ። ብዙ ፎም ቦርድ ሲሸጥ እግር ላይ የሚታሰር ገመድ አብሮት ይመጣል፣ እሱም ሊሽ ይባላል። ከቦርዱ ጋር "በነፃ" የሚመጣው ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው፣ ማዞሪያው ቶሎ ይዝጋል፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያያዘው ጨርቅ ቶሎ ይላላል። እኔ ከአንዱ ቦርድ ጋር ያገኘሁት ገመድ ገና አዲስ እያለ ተበጥሷል፣ ቦርዱም ሰው ወደሚዋኝበት ነጎደ። ማንንም አልነካም እንጂ ቢነካ ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም። ሌላ ግዙ። ርዝመቱ ከቦርዱ ርዝመት ጋር እኩል ይሁን፣ ለ8 ጫማ ቦርድ 8 ጫማ ገመድ። አጭር ከሆነ ስትወድቁ ቦርዱ እናንተው ላይ ይመለሳል።

ይሄ ተረት አይደለም። የዌትሱቱ (ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚለበሰው የጎማ ልብስ) ሰው ጃክ ኦኒል በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ግራ ዓይኑን ያጣው በገመድ ምክንያት ነው። በዚያን ዘመን ገመዱ ገና አዲስ ነገር ነበር፤ በጣም የሚለጠጥ ስለነበር ቦርዱን እንደ ወንጭፍ መልሶ ላከበት። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ዓይኑ ላይ ጥቁር መሸፈኛ ነበረው። የዛሬዎቹ ገመዶች ያን ያህል አይለጠጡም፣ ቢሆንም ከወደቃችሁ በኋላ ከውሃው ስትወጡ ሁለት ክንዳችሁን ፊትና ራሳችሁ ላይ አድርጋችሁ ውጡ። ሲወድቁም በጭንቅላት አይወደቅም፤ ሥሩ አሸዋ ነው ብሎ መዝናናት አያዋጣም፣ ጥልቀቱ ጉልበት ድረስ በሆነበት ቦታ አሸዋም አንገት ይሰብራል። ዝርግ ብላችሁ ውደቁ።

ፊኖቹ ላይ ብዙ አልቆይም። ከሥር ሦስት የፕላስቲክ ክንፎች አሉ፤ የሦስት ፊን አሠራር የአውስትራሊያዊው ሳይመን አንደርሰን ነው፣ በ1981 እ.ኤ.አ. በዚሁ ቦርድ ትልልቅ ውድድሮችን ካሸነፈ በኋላ ዓለም ሁሉ ተከተለው። ፎም ቦርድ ላይ የሚመጡት ግን ልስልስ ብለው ይተጣጠፋሉ፣ ስትታጠፉ ውሃውን አጥብቀው አይዙም። ለጀማሪ ይሄ ችግር አይደለም፣ እግርም አይቆርጡም። የሚያሳስበኝ የሚታሰሩበት ብሎን ነው። በብዙዎቹ ላይ ብሎኑ ቦርዱን ከላይ እስከ ታች በስቶ ያልፋል፣ ሲላላ በዚያ ቀዳዳ ውሃ ይገባል። ከመግባታችሁ በፊት በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጋችሁ እዩት። ከተነቃነቀ አጥብቁት።

ስለ ጥንካሬው የሚባለው ግማሹ እውነት ነው። ጠንካራው ፋይበርግላስ (በመስታወት ክር የተሸፈነው) ቦርድ ድንጋይ ሲነካ ይሰነጠቃል፣ ጥገና ይፈልጋል፤ ፎሙ ግን መኪና ጣሪያ ላይ ቢጋጭ፣ ሕፃን ቢዘልበት ምንም አይልም። ፀሐይን ግን አይችልም። ሙቅ መኪና ውስጥ ወይም ጠራራ ላይ ከተዋችሁት ቆዳው ከውስጡ ፎም ይላቀቅና ፊኛ ያወጣል። ያ ከሆነ በኋላ የሚመልሰው ነገር የለም። ከአሸዋ ሞገድ ጋር ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፦ ባሕሩ ሲሸሽ ዳር ላይ ዘጭ የሚለው ሞገድ የቦርዱን አፍንጫ መሬት ላይ ሰክቶ ከመሃል ይቀነጥሰዋል። የቦርድ መሰበር ማንንም አይምርም፣ ትልልቆቹም ላይ ደርሷል። ሰርፊንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ውስጥ የገባው በ2021 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ፣ ትሱሪጋሳኪ የተባለ አሸዋማ ዳርቻ ላይ ነበር፤ ብራዚላዊው ኢታሎ ፌሬራ በፍጻሜው መጀመሪያ ላይ ቦርዱ ተሰበረ፣ ሌላ ይዞ ተመልሶ ወርቁን ወሰደ።

ሰም ያስፈልገዋል ወይ? ሻጮቹ አያስፈልገውም ይላሉ። እኔ ግን እግር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ትንሽ ቀቡት ባይ ነኝ፤ ላዩ ሲያረጅ ያንሸራትታል። ልብስም አትርሱ። ያ ለስላሳ የተባለው ቆዳ ባዶ ሆድና ደረት ላይ ሲፈተግ ያነደዋል፣ ማታ ሸሚዝ መልበስ ያቅታችኋል። እጅጌ ያለው ጠባብ የዋና ልብስ በቂ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ የቦርዱ ጥፋት አይደለም፣ ቦርዱ የሚሰጠው ልበ ሙሉነት ግን ያባብሰዋል። አሸዋማ ዳርቻ ላይ በሁለት ክምሮች መካከል ውሃው ወደ ጥልቁ የሚመለስበት ጅረት አለ። ከዳር ሲያዩት ረጋ ያለ ነው፤ ሞገድ ብዙም አይሰበርበትም፣ ቀለሙ ጠቆር ይላል፣ አረፋው ወደ ውስጥ ይሄዳል። አዲስ ሰው "እዚህ ይሻላል፣ ሞገዱ ቀላል ነው" ብሎ የሚገባው እዚያው ላይ ነው። ከወሰዳችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት። ቦርዱን አትልቀቁ፣ ትልቁ ተንሳፋፊያችሁ እሱ ነው። ወደ ጎን፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ቅዘፉና ሞገድ ወደሚሰበርበት ስትደርሱ አረፋው ራሱ ይመልሳችሁ። ነፍስ አድን ጠባቂ ካለ እሱ ባለበት አካባቢ፣ ለሰርፍ በተለየው ቦታ ግቡ፤ ዋናተኞች መሃል በዚህ ቦርድ መግባት አይገባም።

ሰው በበዛበት ቀን ደንቡን እወቁ። ሞገዱ መሰበር ለሚጀምርበት ጫፍ ይበልጥ የቀረበው ሰው ቅድሚያ አለው። ትልቅ ቦርድ የያዘ ሁሉንም ሞገድ ቀድሞ መያዝ ይችላልና ሁሉንም ከወሰዳችሁ ሰዉ ይጠምዳችኋል፣ እውነት አለው። አንዳንዱን ልቀቁ።

አሮጌ የምትገዙ ከሆነ ገልብጣችሁ ሆዱን እዩ፣ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ካለ ውሃ ገብቶበታል። አንሱት፤ ከተመሳሳይ ቦርድ ጎን አድርጋችሁ ስትመዝኑት ከከበደ ተዉት። መሃሉን በቀስታ ጫን አድርጉ፣ ሲታጠፍ ከተንቋቋ ውስጡ ያለው እንጨት ተሰብሯል። ከ90 ኪሎ በላይ የሆነ ሰው 9 ጫማውን ይውሰድ፣ ለልጆች ደግሞ 7 ወይም 6 ይበቃል። ክብደቱ መካከለኛ ለሆነው ሰው 8ቱ ልክ ነው። ስትገዙ ግን ጥሩ ገመድ አብራችሁ ዋጋ ውስጥ አስገቡ፣ ከቦርዱ ጋር የመጣውን ገመድ ደግሞ መኪና ላይ ዕቃ ማሰሪያ አድርጉት።