ለትኬት ቆራጫችን ምስጋና፣ ለበዓል አገር ቤት ለምትሄዱ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ወገኖች፣

ገናንና ጥምቀትን አገር ቤት አሳልፈን፣ በመሃሉም ዛንዚባር ወርደን ጥቂት ቀን ባሕር ዳር ተንፈስ ብለን በሰላም ተመልሰናል። ጉዞው ከአቅማችን እንዳይወጣ ያደረገችው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአውሮፕላን ትኬት ቆራጫችን ናትና በአደባባይ ላመሰግናት እወዳለሁ። ስሟን ልጽፍ ሳስፈቅዳት «ተዪው እህቴ፣ ያለው ስልክም አላስቀመጠኝም» አለችኝ። ስለዚህ ቁጥሯን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ከዲሲ አዲስ አበባ በበዓል ሰሞን የትኬት ዋጋ ምን እንደሚመስል ለዚህ አካባቢ ሰው አልነግርም። የፈረንጆቹ ገና፣ የእኛ ገና፣ የጥር ሠርግ፣ ሁሉም ተደራርቦ ይመጣል። ሌሎቹ ቢሮዎች ቀኑን እንደሰሙ ዋጋ ይጠሩና «ዛሬ ካልቆረጣችሁ ነገ ይጨምራል» ይላሉ። እሷ ዋጋ ከመጥራቷ በፊት ጥያቄ ጀመረች። ማን ማን ነው የሚሄደው? የማን ፓስፖርት የየት አገር ነው? ልጅቷ የተወለደችው መቼ ነው? ቀኑ ቁርጥ ነው ወይስ ይነቃነቃል? ባለቤቴ ከጎኔ ሆኖ «ይቺ ሴት ትኬት ቆራጭ ናት ኢሚግሬሽን?» ብሎ ሲስቅ በስልክ ሰማችው። «ኤርፖርት ላይ ከምትጠየቁ አሁን እኔ ብጠይቃችሁ ይሻላል ወንድሜ» አለችው።

የጥያቄዎቹ ጥቅም ወዲያው ታየ። የልጃችን ሁለተኛ ዓመት ልደት ጥምቀት ሰሞን ነው። ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን የራሱን ወንበር ሳይይዝ ታቅፎ ከሄደ የሚከፈልለት ከአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ነው። ስንሄድ በዚህ ሂሳብ ትሄዳለች፤ ስንመለስ ግን ልደቷ ስለሚያልፍ የራሷ ወንበር ግድ ነው። ከዚያ በፊት የደወልንላቸው ቢሮዎች የልደት ቀኗን ሳይጠይቁ ደርሶ መልሱን በሕፃን ዋጋ ነበር የነገሩን። እሷ ሁለት አማራጭ አስቀመጠችልን፤ ከልደቷ በፊት መመለስ ወይም ለመልሱ ወንበር መግዛት። ጥምቀትን ትተን አንመጣም ብለን ወንበሩን ገዛን።

ትልቁ ውለታዋ ግን ሌላ ነው። ባለቤቴ ሌሊት ሌሊት ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ቆይቶ በጣም የረከሰ መንገድ አግኝቶ ነበር። ከደለስ፣ ማለትም ከዲሲው ኤርፖርት፣ ፍራንክፈርት በአንድ አየር መንገድ፣ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ በሌላ፣ ለየብቻ የሚገዙ ሁለት ትኬቶች። ልዩነቱ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ የእኔም ልብ ሄዶ ነበር። ዋጋውን ስናሳያት «እውነት ነው፣ ይህን ዋጋ እኔ አላመጣውም» አለች። ቀጥላ ግን «የእማማ ፓስፖርት የኢትዮጵያ ነው አላላችሁኝም?» ብላ ጠየቀች።

እናቴ ያላት ግሪን ካርድ ነው፤ ዜግነት ገና አልወሰደችም። እንዲህ ብላ አስረዳችን። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሼንገን አገሮች (ጀርመንን ጨምሮ በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ኤርፖርት አውሮፕላን ቀይሮ ለማለፍ እንኳ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከዚህ ነፃ ነው፤ ነፃ የሚሆነው ግን ከትራንዚት ክልሉ፣ ማለትም ኤርፖርቱ ውስጥ ካለው የመሸጋገሪያ ቦታ፣ ሳይወጣ የሚያልፍ ከሆነ ነው። ትኬቶቹ ለየብቻ ከተገዙ ደግሞ ሻንጣው አብዛኛውን ጊዜ እስከ አዲስ አበባ አይላክም። ፍራንክፈርት ላይ ወጥቶ ሻንጣ መቀበልና እንደ አዲስ ማስረከብ ይመጣል። መውጣት ማለት ጀርመን መግባት ነው፤ ለዚያ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋል፣ ግሪን ካርዱ አያስገባም። ይህን ያየ ሠራተኛ እናቴን ገና ደለስ ላይ ላያሳፍራት ይችላል። በዚያ ላይ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠን፣ ሁለተኛው አየር መንገድ ጉዳዩ አይደለም፤ ትኬቱ ተቃጠለ ማለት ነው። ባለቤቴ ላፕቶፑን ዘጋ።

ከዚያ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ በረራ ላይ ሠራችልን። እዚህ ላይ ለቤተሰብ ተጓዥ የሚጠቅም የሙያዋ ብልሃት ስላለ ዘርዘር ላድርገው። በአንድ አውሮፕላን፣ በዚያው ኢኮኖሚ ክፍል ውስጥ፣ ወንበሮቹ በተለያየ የዋጋ ምድብ ተከፍለው ነው የሚሸጡት። በርካሹ ምድብ የቀረው ሁለት ወንበር ሆኖ እናንተ ለሦስት ሰው ከፈለጋችሁ፣ ሲስተሙ ሦስታችሁንም ወደ ውዱ ምድብ ያወጣችኋል። በርካሹ ሁለት ወንበር እንዳለ እንኳ አይነግራችሁም። እሷ ነገሩን በሁለት ቡኪንግ (የቦታ ምዝገባ) ከፈለችው፤ እኔና እናቴ በርካሹ፣ ባለቤቴ ብቻውን በሚቀጥለው። ሁለቱ ቡኪንጎች አንድ ቤተሰብ መሆናቸው እንዲታወቅ አስመዘገበች፣ ወንበራችንንም ጎን ለጎን አደረገችው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «በዚህ ቤት ውዱ ሰው እኔ ነኝ» ይላል።

መነሻችንንም ከፈረንጅ ገና በፊት ካለው ቅዳሜና እሁድ አንስታ ከዲሴምበር 25 በኋላ ወዳለ የሥራ ቀን ስታዞረው ዋጋው እንደገና ወረደ። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሆነ የቀረብን ነገር የለም።

ዛንዚባር የባለቤቴ ምኞት ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደዚያ ስለሚበር ትኬቱ አላስቸገረም፤ እሷ የጨቀጨቀችን በቢጫ ወባ ክትባት ነው። ከኢትዮጵያ ታንዛኒያ የሚገባ ሰው የክትባት ካርድ ይጠየቃል፣ 1 ዓመት የሞላው ልጅም ጭምር። ክትባቱን አሜሪካ ውስጥ የሚሰጡት የተፈቀደላቸው ክሊኒኮች ብቻ ናቸው፤ ካርዱም የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ለአሜሪካ ፓስፖርት የታንዛኒያ ቪዛ 100 ዶላር መሆኑን፣ ዛንዚባርም ከ2024 መጨረሻ ወዲህ የራሷን የጉዞ መድን እንደምታስከፍል ገና ዋጋ ስናሰላ አስገባችልን። ሌላ ሰው ቢሆን ትኬቱን ሽጦ ስልኩን ይዘጋ ነበር።

እናቴ ደግሞ ገናን ላሊበላ ካላከበርኩ ያለች ናት። የመኪናውን መንገድ ሁኔታ ታውቁታላችሁ፣ በአየር ካልሆነ አይታሰብም። ለካ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከውጭ የገባ ተሳፋሪ የአገር ውስጥ በረራውን በቅናሽ ያገኛል። ይህን የነገረችን ራሷ ናት፤ ከነገረችን በኋላ ግን «ይሄኛውን ከእኔ አትግዙ» አለች። «የያዛችሁትን የዓለም አቀፍ ትኬት ቁጥር አስገብታችሁ ራሳችሁ ከአየር መንገዱ ቁረጡ፤ እኔ ከቆረጥኩት የአገልግሎት ክፍያ መጨመሬ ነው። ደግሞ ለገና ላሊበላ ቶሎ ይሞላል፣ ዛሬውኑ አድርጉት።» እንጀራዋ ሆኖ ሳለ ከእኔ አትግዙ የሚል ነጋዴ እኔ ሌላ አላጋጠመኝም።

የሷን የአገልግሎት ክፍያ ደግሞ ከትኬቱ ዋጋ ለይታ ነው የምትጽፈው፤ የአየር መንገዱ ስንት፣ የእሷ ስንት፣ በግልጽ ይታያል።

ገንዘብ ከላካችሁ በኋላ ምን መቀበል እንዳለባችሁም ልብ በሉ፤ ይህን እሷ ለሁሉም ደንበኛ ትናገራለች። ቡኪንግ ተያዘ ማለት ትኬት ተቆረጠ ማለት አይደለም። ባለ ስድስት ፊደልና ቁጥሩ ኮድ የቡኪንጉ ነው። ትኬቱ ራሱ 13 አሃዝ ያለው ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት ከሆነ በ071 ይጀምራል። ያ ቁጥር እስካልመጣላችሁ ድረስ ገንዘባችሁ ሄዷል፣ ወንበራችሁ ግን ገና የእናንተ አይደለም። እሷ ቁጥሩን የላከችልን በከፈልንበት ሰዓት ነው፤ አየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ገብተን አየነው። ከመቁረጧ በፊትም የእያንዳንዳችንን ስም ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል በስልክ አነበበችልን። በቤታችን የመጨረሻ ስማችን ለየቅል ስለሆነ ጊዜ ወሰደ። አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ስም ማስተካከል ጣጣ ነው አለች።

ለእናቴ ዊልቸር ቀድማ አስመዘገበችላት፤ ክፍያ የለውም፣ ሳይመዘገብ ከተሄደ ግን ብዙ ያስጠብቃል። እንግሊዝኛ ለማትችል እናት ዊልቸሩን የሚገፋው ሰው በየመስኮቱ ስለሚያሳልፋት ትልቅ ነገር ነው። በመልሱ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት እንደሚያርፍም ነግራት ነበር። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ አየሩ ስስ ነውና አውሮፕላን እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብደዋል። «እማማ፣ ሲያርፍ ደረስን ብለው ሻንጣ እንዳያወርዱ» ብላት ስለነበር፣ ሲያርፍ እናቴ ከጎኗ የተቀመጡትን ሴትዮ «ይቀመጡ፣ ነዳጅ ነው» ስትል ሰማኋት።

ጉድለቷንም ልናገር። ለጽሑፍ መልእክት ቶሎ አትመልስም፣ በስልክ ነው የምትገኘው። ነገ ልሂድ ለሚል ሰው ተአምር አትሠራም፤ ራሷም አልችልም ትላለች። ቀናችሁ የማይነቃነቅ ከሆነም የምታወርድላችሁ ብዙ ላይሆን ይችላል።

እህታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እናቴም በላሊበላ በስምሽ ሻማ አብርታለች። ለፋሲካ ወይም ለክረምት የምታስቡ ካላችሁ ከአሁኑ ደውሉላት፣ የሁላችሁንም ፓስፖርት አጠገባችሁ አድርጉ። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ስለሆነች አታነሳም።